ቀዳዳስ ጥበብ ይሆናል?

አንድ ወዳጄ፣ የብስክሌት ጥርስና የፍሬን እጀታ በስቶ ማስጌጥ «የሥራ ፈት ሥራ እንጂ ምኑ ጥበብ ነው?» ብሎ ሞገተኝ።

ነገሩ የተጀመረው ለክብደት ነው። ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜክሲኮ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ካቴናው ሳይቀር የተበሳሳ ነበር። ከዚያ ብዙዎች ለዓይን ብለው መብሳት ያዙ። ያለ ልክ የተበሳ እጀታ በጭንቅ ሰዓት ይሰበራል፤ እሱንስ እኔም ጥበብ አልለውም።

ግን የመጾር መስቀላችንስ? ግማሽ ውበቱ ቀዳዳው አይደል እንዴ! ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ሰባራ ድልድይም ቢሆን ዓይን የሚይዘው ድንጋይ በሌለበት፣ በቅስቶቹ ሥር ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መስቀሉን እየተሳለምን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ያልን፣ «ጠቢብ» የሚለውን የግዕዝ ቃል «ጠይብ» አድርገን የተሳደብንበት ሰዎች ነን። አሁን ደግሞ የብስክሌት ሠሪው እጅ ጥበብ አለው የለውም ብለን ልንፈርድ ተቀመጥን። ያውም ቡና ቤት ውስጥ!

ወዳጄ ማኪያቶውን አማሰለ እንጂ አልመለሰልኝም።