አምስት መቶ ሲሲ ቱ ስትሮክ፦ ይለወጥ ወይስ ይቅር?

ልውውጥ ዋጋን ይደብቃል። ሁለት ሰዎች ሞተር በሞተር ሊቀያየሩ ሲነጋገሩ ብር ስለማይቆጠር እያንዳንዱ የራሱን ከፍ አድርጎ ይተምናል፣ የሌላውን ደግሞ በምኞት ዓይን ያየዋል። ኡራኤል አካባቢ ሞተር ስጠግን ስለ ልውውጥ ምክር የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ያንተን ለማታውቀው ሰው በጥሬ ብር ብትሸጠው ስንት ያወጣል? የእሱንስ በጥሬ ብር ትገዛው ነበር? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚያጥረው ሰው ነገሩን ቢያቆየው ይሻለዋል።

ሰሞኑን የመጣው ልጅ ደህና ባለ 250 ሲሲ ፎር ስትሮክ አለው። ሊብሬው በስሙ ነው፣ ጠዋት ሲነሳም አያስቸግርም። በምትኩ የቀረበለት ሆንዳ ሲአር 500 ነው። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሞተር እኮ ዳግመኛ አይገኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሆንዳ ይህን ሞተር ከ1984 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አቆመ፤ ተቀናቃኙ ካዋሳኪ ኬኤክስ 500 እስከ 2004 ዘለቀ። ያማሃ በ1998 ዋይዜድ 400 ኤፍን ካወጣ ወዲህ የሞቶክሮስ ውድድር ፊቱን ወደ ፎር ስትሮክ አዞረ፣ ትልልቆቹ ቱ ስትሮኮችም ተተኪ ሳይወጣላቸው ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ ለልውውጥ የሚቀርብ ሲአር 500 የመጨረሻው ምርት እንኳ ቢሆን ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ነው። ብርቅነቱ ልብን ያሞቃል፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሲጀመር ግን ያው ብርቅነት ነው እዳ የሚሆነው።

እኔ ቱ ስትሮክ እወዳለሁ። ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የሲሊንደሩን መስኮቶች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፎር ስትሮክ ኮሎው ሁለት ጊዜ ዞሮ አንዴ ሲተኩስ ይሄ በእያንዳንዱ ዙር ይተኩሳል። የማርመታው ሆድ ተነፍቶ የተሠራው ለመልክ አይደለም፤ ሊያመልጥ ያለውን ያልተቃጠለ ቤንዚን በድምፅ ሞገድ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ይህን በእጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው ፍቅሩ አይወጣለትም። ፍቅሬን የምናገረው ቀጥሎ የምለው ጥላቻ እንዳይመስል ነው።

ይህ ሞተር የት እንደሚነዳ ሳይታሰብ አይለወጥም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ወደ 60 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ 45 አካባቢ ይሰጣል፤ እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ ደግሞ ይቀንሳል። ጉልበቱ ያን ያህል አያሳስበኝም፤ 45ቱም ለአብዛኛው ሰው ይበዛል። የሚያሳስበኝ ካርቡራተሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መቀነስ ስላለበት የነሐሷን ጄት አውጥተን ጠበብ ያለች እናስገባለን። ያ ካልተደረገ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ እየተነፋረቀ ይሄዳል። ይህ የሚያናድድ ችግር ነው እንጂ ሞተር አይገድልም።

ሞተር የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። አገራችን የከፍታና የዝቅታ አገር ናት። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን 700 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ ድልድይ ድረስ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ለአዲስ አበባ የተስተካከለች ጠባብ ጄት እነዚያ ቆላዎች ላይ ስትደርስ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ አይበቃም። በፎር ስትሮክ ይህ ሲሆን ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱ ግን ከታች በቦታው አለ። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል። ሙቀቱ በጨመረበት ሰዓት ቅባቱ ይቀንሳል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል፣ ወይም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ልጁን ስለ ፍጥነት አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት «ጄት ትቀይራለህ? መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ካርቡራተር ትፈታለህ?» ብዬ ነው። ኬቲኤም ከ2018 ሞዴል ጀምሮ 300 ቱ ስትሮኮቹን በነዳጅ መርጫ አድርጎ ከፍታውን ራሱ እንዲያነብ አድርጓል፤ አሮጌው 500 ግን የሚያነበው የለውም፤ ባለቤቱ ነው የሚያነብለት።

ዘይቱንም ባለቤቱ ራሱ ነው የሚለካው። በ32 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በ40 ለ1 ከሆነ 25። ማደያ የተቀላቀለ ስለማይገኝ የቱ ስትሮክ ዘይትና መለኪያ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኖራል።

ወረቀቱ ላይ አልረዝምም፤ ብዙ ልውውጥ የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። ሲአር 500 ለውድድር የተሠራ ነው፤ መብራት የለውም፣ ፍሬቻ የለውም፣ ለታርጋም አልታሰበም። በዚያ ላይ የከተማው አስተዳደር ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል። ስለዚህ በፒክአፕ ተጭኖ ወደ ሱሉልታ ወይም ከእንጦጦ ጀርባ መውጣት አለበት፤ ፒክአፕ የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚታይ ሞተር ይለውጣል ማለት ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ደግሞ ቀረጥ ይከፈልበታል። ደላላው «ወረቀቱ ችግር የለውም» ቢልም የጉምሩክ ሰነዱን በዓይን ማየት ነው።

ሞተሩ ፊት ሲቆም መጀመሪያ እጄን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ከጠበቀኝ ባለቤቱ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዴት እንደሚነሳ ማየት ስለምፈልግ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። ከዚያ ማርመታው ይፈታል። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ ግን በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ ሲታይ ፒስተኑና ፋሻው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለስላሳና ወጥ ከሆነ ደህና፤ ከላይ ወደ ታች የተቧጨረ ከሆነ አንድ ጊዜ ተጣብቆ ያውቃል። ቀጥሎ ካንዴላውን አውጥቼ ቮላኖውን በእጄ ወዲህና ወዲያ እወዘውዘዋለሁ። ኮሎው ዞሮ ፒስተኑ ትንሽ ዘግይቶ ከተከተለ የቢዬላው ኩሽኔታ አልቋል። ሲነሳ ጋዙ ተለቅቆም ዙሩ ቶሎ ካልወረደ በአንድ በኩል አየር ይስባል፤ ብዙ ጊዜ የኮሎው ፓራኦሊዮ ነው። በፍሪስዮን በኩል ያለው ካለቀ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይመጥና ነጭ ጭስ ይለቃል፤ ሻጩ «ቱ ስትሮክ ሁሉ ይጨሳል» ይላል። ይጨሳል፤ ግን ሞቆ ከቆየ በኋላ እንዲህ አይደለም።

ፒስተንና ፋሻ የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ መለወጣቸው ነውር አይደለም። ኮሎ ግን ሌላ ነገር ነው። ፈትቶ፣ በፕሬስ ከፍሎ፣ ቢዬላ ቀይሮ፣ መልሶ መስመሩን የሚያቀናው ሰው እጁ የታመነ መሆን አለበት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ እኔ የምልክበት የቶርኖ ባለሙያም ከሰፈሩ ለቋል፤ አሁን ሥራ ይዤ ከተማውን አቋርጬ ነው የማገኘው። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሞልቷል፣ የሲአር 500 ቢዬላ ግን ከውጭ ከሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚጠበቀው። ሲሊንደሩም መታየት አለበት፤ የብረት እጅጌ ያለው ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል፣ በኒኬል የተለበጠው ግን ከተላጠ እዚህ የሚለብጠው አላውቅም።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። ማርመታው እኔ ፊት ይፈታ፤ የጉምሩክ ሰነዱና ሊብሬው ይምጡ፤ የቢዬላ፣ የፓራኦሊዮና የፒስተን ወጪ ተሰልቶ ባለቤቱ በጥሬ ብር ይጨምር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ 250ው ይሻልሃል፤ የቱ ስትሮክ ፍቅሩ ካልለቀቀህም 250 ወይም 300 ቱ ስትሮክ ፈልግ፣ ክብደቱም ዕቃውም ይቀልልሃል። ቅር አለው፣ ግን ሰማኝ። ባለቤቱ ማርመታው እንዲፈታ ፈቅዷል። የጉምሩክ ሰነዱን «ነገ» እያለ ነው፤ እስኪያመጣው ድረስ የ250ው ቁልፍ ከልጁ እጅ እንዳይወጣ ነግሬዋለሁ።