ማስመሪያው ለምን?

ባለፈው ሳምንት ራውንድ ላይ አንዲት ኢንተርን «ዶክተር፣ ማሽኑ ኪውቲሲውን አውጥቶት የለም እንዴ? ለምን ደግመው በማስመሪያ ይለካሉ?» አለችኝ። ያኔ ጊዜ አልነበረንም። መልሴ ይኸውልሽ።

አብዛኛው የኢሲጂ ማሽን ኪውቲሲውን፣ ማለትም ለልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለውን ኪውቲ፣ የሚያሰላው በባዜት ቀመር ነው። ባዜት እ.ኤ.አ. በ1920 ከ39 ወጣት ወንዶች ልኬት ተነስቶ ያወጣው ቀመር ልብ በደቂቃ 60 ግድም ሲመታ ደህና ነው፤ ልብ ሲፈጥን ግን ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የማያውቃቸው ሰዎች ፊት ደረቱን ገልጦ የተኛ ታዳጊ ደግሞ ልቡ መፍጠኑ አይቀርም።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከሌላ ቦታ ተልካ መጣች። ለትምህርት ቤቷ 800 ሜትር ትሮጥ ነበር። ወረቀቱ ኪውቲሲ 487 ስለሚል «ከእንግዲህ እንዳትሮጪ» ተብላ ወር ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። እናቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ፈትቼ መስኮቱ ጋ ዘረጋሁት። የልብ ምቷ 110 ነው። ሁለተኛው ሊድ ላይ ኪውቲው ዘጠኝ ትናንሽ ካሬ፣ ማለትም 360 ሚሊሰከንድ። በባዜት እውነትም 487 ይመጣል። ያው ልኬት ዴንማርካዊው ፍሪደሪሺያ በዚያው በ1920 ባወጣው ቀመር 441 ነው። ሲስተሯ ስለ ሩጫ እያጫወተቻት ሃያ ደቂቃ አሳረፍናትና ደግመን አነሳን። ምቷ 75፣ ኪውቲው 380፤ በባዜትም ቢሆን 425። ራሷን ስታ አታውቅም፤ በቤተሰቡም በድንገት የሞተ ወጣት የለም። ሩጪ አልኳት።

ቀመር መቀየር ብቻውን ግን አያድንሽም። በዚህ ዕድሜ ልብ ከትንፋሽ ጋር ይሄዳል፤ አየር ሲስቡ ይፈጥናል፣ ሲያስወጡ ይዘገያል። አንድ ምት መርጠሽ ብትለኪ ያገኘሽው የዚያችን ትንፋሽ ቁጥር ነው። ስለዚህ ብዙ ምቶችን እለካለሁ፣ እያንዳንዱን ከፊቱ ካለው የምት ርቀት (አርአር) ጋር አሰላለሁ፣ አማካዩን እወስዳለሁ። ኪውቲው የሚያልቅበትን የቲ ሞገድ መጨረሻ ለማግኘት ቁልቁለቱ ላይ ማስመሪያዬን አስደግፌ እስከ መነሻው መስመር እወርዳለሁ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ የዩ ሞገድ አልቆጥራትም። ማሽኑ አንዳንዴ ይቆጥራታል።

ማሽኑ ሲያስፈራራ ብቻ አይደለም የምለካው፤ «ኖርማል» ሲልም እለካለሁ፤ የረዘመ ኪውቲ ካመለጠን ዋጋው ከባድ ነውና። ሐኪሞቹ ጄርቬል እና ላንገ-ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፉት ኖርዌይ ውስጥ ስለነበሩ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ነው። መስማት የተሳናቸው፣ ራሳቸውን እየሳቱ የሚወድቁ፣ ኪውቲያቸው የረዘመ ልጆች ነበሩ። ሦስቱ ሞተዋል። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚወድቅ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ለዓመታት መድኃኒት ሊውጥ ይችላል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አብሮ አደጌ ደወል ሲደወል ወደ ክፍል እየሮጠ ወደቀ። አልተነሳም። ሰዉ ዓይን ነው አለ፤ ቀብረነው ተመለስን። ለእሱ ኢሲጂ ያነሳለት ማንም አልነበረም፤ ምን እንደነበረም ዛሬ ድረስ አላውቅም። ማስመሪያዬን ወረቀት ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ግን እሱ ትዝ ይለኛል።

እባክሽ፣ ሲሮጥ ወይም ሲደነግጥ የወደቀ ልጅ ሲመጣልሽ ኢሲጂውን በራስሽ እጅ ሳትለኪ ወደ ቤቱ አትስደጂው።