ከሞተ ሞተር የሚተርፈው

የተጎዳ አሮጌ ሞተር ፈቶ የሚተርፈውን ከማይተርፈው መለየት ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት የሚጀመር ሥራ ነው። ነቀምት አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን ሥራ ቆሜ ሳይ ልቤን የሚወስደው መጀመሪያው ነው። ከኪራሙ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ የሃይሉክስ ሞተር ወርዶ መሬት ሲይዝ ባለሙያው ቁልፍ አያነሳም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ መሃል ያሻል፣ ያሸታል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። ከዚያ ሾፌሩን፣ «ወንድሜ፣ ከመቆሙ በፊት ሙቀት ነው የወጣው ወይስ የዘይት መብራት ነው የበራው?» ይለዋል።

ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ገዳዩ ሳይታወቅ ዕቃ አይመረጥም። ሙቀት በገደለው ሞተር ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ቴስታታና ፒስተኑ ይጠረጠራሉ፤ ክራንክ ሻፍቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። ዘይት አጥቶ የሞተው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ክራንክ ሻፍቱና የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ተበልተው ቴስታታው ሊተርፍ ይችላል። ወንዝ ሲሻገር ውሃ የዋጠ ሞተር ሌላ ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን ሲገታ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም ለዓይን ላይታይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቢዬላ ሌላ ሞተር ላይ የገጠመ ሰው ሁለተኛ ሞተር ገደለ ማለት ነው።

በዚህ አገር መንገድ ሙቀት ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቢሆን አይገርመኝም። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። ወደ ሰሜን ሲነዱ የአንገር ቆላ አለ፤ በቡሬ መንገድ ከቀጠሉ ደግሞ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ይወረዳል። የወረደ መውጣት አለበት። ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ራዲያተሩም ግማሹ በጭቃና በዝገት ከተደፈነ፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቴስታታው ነው።

ባለሙያው ስንጥቁን የሚያገኝበት መንገድ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ቴስታታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በማስገቢያውና በማስወጫው ቫልቭ መካከል ያለውን ጠባብ ብረት በላምባ ያርሰዋል። ላምባው እስኪሰርግ ይታገሣል፤ ችኮላ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ከዚያ ፊቱን በጨርቅ ሙልጭ አድርጎ ይጠርገውና የጠመኔ ዱቄት በስሱ ይነሰንስበታል። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ስንጥቁ የዋጠው ላምባ ቀስ እያለ ወደ ዱቄቱ ይወጣና ዓይን ያልለየው መስመር ጠቁሮ ይሳላል። ቀጥሎ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁሙ ያስቀምጥበታል፣ ከወዲያ በኩል ብርሃን እያስገባ ከሥሩ ያያል፤ ክፍተት ካየ ስስ የመለኪያ ብረት ይሰድበታል። ለብዙ የናፍጣ ሞተር ድንበሩ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ካለፈ እንዳለ አይገጠምም።

ክራንክ ሻፍቱን በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ መታ ያደርገዋል። ጤነኛው እንደ ደወል ጠርቶ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል፤ የተሰነጠቀው ቶሎ ይታፈናል። በመቀጠል ብሮንዚና የሚያርፍበትን ክብ በአውራ ጣቱ ጥፍር አቋርጦ ይስበዋል። ጥፍር የያዘው ጭረት ካለ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጫል፤ 0.25 ሚሊሜትር ከተላጨ ለዚያ ልክ የተሠራ ወፈር ያለ ብሮንዚና ይገዛለታል። ሰማያዊ ቀለም የያዘውን ግን ለብቻው ያስቀምጠዋል። ያ ቀለም ብረቱ እንደነደደና ጥንካሬውን ሊያጣ እንደሚችል ይናገራል፤ መላጨት ቀለሙን ያነሳል እንጂ ጥንካሬውን አይመልስም።

አብረው የተሠሩትን አለመለያየትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቢዬላና ክዳኑ በፋብሪካ አንድ ላይ ታስረው ነው ቀዳዳቸው የተቦረቦረው፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ገና ከመፍታቱ ቁጥራቸውን አይቶ፣ ከሌላቸው በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጎ፣ ጥንዱን በሽቦ ያስራል። የናፍጣ ፓምፑን ጋራዡ ወለል ላይ አይፈታውም። ውስጡ ያለው ፕላንጀርና ቤቱ የሚለያዩት በጥቂት የሚሊሜትር ሺኛዎች ብቻ ነው፤ አንድ ቅንጣት አቧራ ይበቃዋል። ጫፎቹን በንጹሕ ፕላስቲክ ደፍኖ ለፓምፕ ሠሪ ይልከዋል። ይህን መታቀብ ከመዶሻው ምት እኩል አደንቃለሁ።

ዕቃው ለምን እንዲህ እንደሚፈተሽ ገበያውን ያየ ይገባዋል። በጥር 2016 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሱማሌ ተራ ለመድረስ ከነቀምት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለ፤ በአካባቢው ግጭት በበረታባቸው ዓመታት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም ነበር። ለኪራሙ ባለመኪና ከሞተ ሞተር የወጣ አንድ ደህና ክራንክ ሻፍት ወራት የቆመ መኪና የሚያስነሳ ዕቃ ነው።

እንዲህም ሆኖ የሚጥለው ብዙ ነው። የቴስታታ ቡሎኖችን ከአዲስ ቡሎን ጎን አስተኝቶ ጥርስ ለጥርስ ያስተያያቸዋል፤ ተስበው የረዘሙትን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ይጥላል። አብሮት ያለው ለማጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥርሱ አልተበላም» ቢለውም አይመለስም። የተረፈውን በዘይት ቀብቶ በፕላስቲክ ይጠቀልልና ላዩ ላይ የሞተሩን ዓይነትና የሞተበትን ምክንያት ይጽፋል፦ «5ኤል፣ በሙቀት»። ገዢ ሲመጣ ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት ይህን ያነብለታል።