የተኛን ዝንብ መጠበቅ

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። «ቃሊቲ ወረደ» ከተባለ ሰውዬው መታሰሩን ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ግን ስሙ ብዙም የማይነሳ ሌላ የጥበቃ ቤት አለ፤ ተጠባቂዎቹ ቆላ ዝንቦች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የተመረቀው የቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማራቢያ ማዕከል ሥራው ለሰሚው እንግዳ ነው። የከብት ጠላት የሆነውን ዝንብ በብዛት ያረባል፣ ወንዶቹን በጨረር ያመክናል፣ ከዚያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ከዱር ሴቶች ጋር እንዲገናኙ ከአውሮፕላን ይለቃቸዋል። ሴቷ ቆላ ዝንብ በዕድሜዋ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ፣ ያ አንዴ ለመካን ወንድ ከዋለ ዘር አይኖራትም። ስለዚህ ሥራ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ጨረሩና አውሮፕላኑ ነው። እኔ ግን የሙያው ልብ ያለው ዝንቡ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት አንድ ወር ገደማ ተኝቶ በሚያሳልፍባት ትንሽ ጥቁር ቅርፊት ውስጥ ነው እላለሁ። የተኛን ፍጡር መንከባከብ ማለት ከመተኛቱ በፊት በደንብ ማብላት፣ ከተኛ በኋላ ደግሞ እጅን መሰብሰብ ነው። ጨረሩም አውሮፕላኑም የሚያፈሩት ይህ በትክክል ከተሠራ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚገባው ከዝንቧ አወላለድ ሲጀመር ነው። የቤት ዝንብ እንቁላሏን በመቶ እየቆጠረች ቆሻሻ ላይ ጥላ ትሄዳለች። ቆላ ዝንብ በአንድ ጊዜ አንዲት እንቁላል ብቻ በማህፀኗ ትይዛለች፤ እንቁላሏ እዚያው ትፈለፈላለች፤ ትሏም ወተት መሰል ፈሳሽ እየጠባች እዚያው ታድጋለች። ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ቆይታ ስትወለድ ክብደቷ የእናቷን ያህላል። በማራቢያ ቤት ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ነጣ ያለችው ትል ዝንቦቹ በሚኖሩበት ጎጆ ወንፊት ቀዳዳ ሾልካ ከሥር ወዳለው ትሪ ትወድቃለች፤ ጨለማ ፍለጋ እየተንፏቀቀች ትሄዳለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትኮማተራለች፤ ቆዳዋ ይደርቅና ከነጭ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ይለወጣል። የሚቀረው የስንዴ ፍሬ የሚያህል፣ በርሜል የመሰለ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ በኋላ ጫፉ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉት፣ የሚተነፍሰውም በእነሱ በኩል ነው። ሙሽሬ የሚባለው ይህ ነው። በዱር ከዛፍ ጥላ ሥር አፈር ውስጥ፣ በማራቢያ ቤት ደግሞ 24 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት 30 ቀን ገደማ ይተኛል። በእነዚህ ቀናት አይበላም፣ አይጠጣም፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ትሏም ብትሆን ከተወለደች ወዲህ የቀመሰችው ነገር የለም። ስለዚህ ክንፉም፣ እግሩም፣ ዓይኑም የሚሠራው እናቱ በማህፀኗ ሳለ ባስቋጠረችው ስንቅ ነው፤ ስንቁ አንሶ ቢገኝ መንገድ ላይ የሚጨምርለት የለም።

ይህ የቆላ ዝንብ ብቻ ዕጣ አይደለም። በአውሮፓ ጓሮዎች ክረምቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ትንሽ ጃርት አለ፤ የእኛ አገሩን ባለ ረጃጅም እሾህ ጃርት ማለቴ አይደለም፣ በሁለት መዳፍ የሚታፈሰውን ነው። የእነሱ ክረምት ብርድና በረዶ ነው፤ ነፍሳትና ትላትል ይጠፋሉ፣ ጃርቱም ደረቅ ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ከ35 ዲግሪ የማይርቀው የሰውነቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ነቅቶ ሳለ በደቂቃ 190 ጊዜ ያህል የሚመታው ልቡ ወደ 20 ይቀንሳል። እሱም የሚኖረው በመጸው ባጠራቀመው ስብ ነው። ብርዱ ሲገባ ግማሽ ኪሎ ያልሞላ ጃርት እስከ ጸደይ የመድረስ ተስፋው የመነመነ ነው። ደግ ሰው አዝኖለት የቅጠሉን ክምር እየገለጠ ቢጎበኘው ጃርቱ ይነቃል፤ ለመንቃት ሰውነቱን እንደገና ማሞቅ ይኖርበታል፤ በዚህ የሚያቃጥለው ስብ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ይበቃው ነበር። ልምድ ያለው ጓሮ ጠባቂ በመጸው ምግብ ያቀርብለታል፣ ደረቅ ቅጠል ይከምርለታል፣ ከዚያ ክምሩን ረስቶት ይከርማል። በቃሊቲ የሚሠራው ሰው ተጠባቂው ዝንብ፣ የእሱም ፍላጎት ማዳን ሳይሆን ማጥፋት ቢሆንም፣ የሚገዛው ሕግ ያው ነው።

እንግዲህ ትሏ በተኛችበት ዕለት ዋናው ሥራ ካለቀ፣ ሥራው ያለው በእናቲቱ ማዕድ ላይ ነው። ቆላ ዝንብ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ከደም በቀር ምግብ የላቸውም። በማራቢያ ቤት የቄራ ደም በሞቀ ሳህን ላይ ይዘረጋል፤ የከብት ቆዳን የሚተካ ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይለብሳል፤ ጎጆዎቹ በላዩ ሲቀመጡ ዝንቦቹ በወንፊቱ በኩል መውጊያቸውን ሰድደው ይመጥጣሉ። ሲያዩት ቀላል ነው፤ በደሙ ላይ የተሠራ ስህተት ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሙሽሬው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። የታረደው ከብት በቅርቡ አንቲባዮቲክ ተወግቶ ነበር እንበል። በዝንቧ አንጀት አካባቢ ዊግልስዎርዚያ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል፤ ደም ውስጥ በበቂ የማይገኙትን የቢ ቪታሚኖች የሚያሰናዳላት እሱ ነው። አንቲባዮቲኩ እሱን ከገደለባት ዝንቧ በሕይወት ብትቆይም መውለድ ያቅታታል። ሌላው ማስረጃ የእኛው አገር ዝንብ ታሪክ ነው። ከኢትዮጵያ የተወሰደ፣ ግሎሲና ፓሊዲፔስ የተባለ ዝርያ በቪየና አቅራቢያ በሳይበርስዶርፍ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1996 መርባት ጀምሮ በ2002 አለቀ። ያጠፋው የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጥ ቫይረስ ነው። የታመመ ዝንብ ሲመገብ ቫይረሱን በምራቁ ደሙ ውስጥ ይተዋል፤ ተራውን ጠብቆ በዚያው ደም ላይ የሚቀመጠው ጎጆ ይወስደዋል። በኋላ ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ባለሙያ የቤት እመቤት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነበር፦ ሌላ የበላበትን ማዕድ አለማቅረብ፣ ለእያንዳንዱ ጎጆ ያልተነካ ደም መዘርጋት።

ከዚያ በኋላ ያለው የመተው ሥራ ነው። ሙሽሬው የሚፈልገው የማይዋዥቅ ሙቀት፣ የማያደርቅ እርጥበትና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል፤ አየሩ ከደረቀ ውኃው በቅርፊቱ በኩል ይተናል። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ለቆላ ፍጡር ብርድ ነው፤ ክፍሉን የሚያሞቀው ሰው ነው፣ መብራት በተቋረጠ ሰዓትም ተጠባባቂ ኃይል ያሻዋል። ያው ብርድ ግን ዋስትናም ነው፤ በአገራችን ቆላ ዝንብ የሚኖረው እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ባለው ቆላ ስለሆነ አምልጦ የወጣ ዝንብ በአቃቂ ሜዳ ዘር አይተክልም። ሙሽሬዎቹን መንካት ግድ የሚሆነው በጥቂት ሰዓቶች ነው። አንደኛው በመጠናቸው በአምስት ደረጃ ሲለዩ ነው። ሁለተኛው ወደ መጨረሻው ነው፤ ሴቶቹ ወንዶቹን ሁለት ቀን ያህል ቀድመው ከቅርፊታቸው ስለሚወጡ እነሱን ወደ እርባታው መልሶ፣ የቀሩትን፣ አብዛኞቹ ወንድ የሆኑትን፣ ማቀዝቀዝ ይቻላል። የቀዘቀዘ ሙሽሬ እንቅልፉ ይራዘማል፤ ጨረር ለመስጠትም ሩቅ ለመላክም ጊዜ ይገኛል። ለሴኔጋል የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ዘመቻ ሙሽሬዎች ከቡርኪና ፋሶና ከስሎቫኪያ የተጓዙት በ10 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዘው ነው። ይሁን እንጂ ቅዝቃዜ ብድር ነው፤ ወለዱ በስብ ይከፈላል። አንድ ቀን በዘገየ ቁጥር የሚወጣው ወንድ ያንን ያህል ይደክማል።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ሊመክን ለተዘጋጀ ዝንብ ምቾት ምን ያደርግለታል፤ ቁጥሩን አብዝቶ መልቀቅ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጨረር ወንዱን መካን ያደርገዋል እንጂ ብርቱ አያደርገውም። የተለቀቀው ወንድ ከብት ወይም የዱር እንስሳ ፈልጎ ደም ማግኘት፣ ከወፍና ከሸረሪት ማምለጥ፣ በመጨረሻም ከዱር ወንድ ቀድሞ ሴቷ ዘንድ መድረስ አለበት። ከቅርፊቱ ሲወጣ ባዶ ስንቅ የያዘ ዝንብ የመጀመሪያ ማዕዱን ሳያገኝ ይሞታል። ስለዚህ በሙያው ውስጥ የሚቆጠረው ከቅርፊት የወጣው ሁሉ አይደለም። ሙሽሬዎቹ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ባለው ጥቁር ቱቦ ሥር ይቀመጣሉ፤ የቱቦው ግድግዳ ዝንቡ እየቆነጠጠ እንዳይወጣበት በታልክ ይለሰልሳል፤ ከሥር ተነስቶ በክንፉ የወጣው ብቻ ዝንብ ይባላል። ሥሩ ቀርቶ የሚንፈራገጠው ወጪ ነው። ቁጥር አብዝቶ ክብደት የቀነሰ ማራቢያ ቤት በዚህ ቱቦ ፊት ይጋለጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እውነትም አለበት። በዝንብ መግደያ መድኃኒት የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ መስቀል፣ የከብቱን ጀርባ መድኃኒት መቀባት ከዚህ ሁሉ ይረክሳል፤ ገበሬውም ራሱ ሊሠራው ይችላል። ትክክል ነው፤ መጀመሪያ መምጣት ያለበትም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረውና 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ያለመው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክትም ጨርቁንና ቅቡን ይዞ ነው የገባው። ግን መድኃኒት ጉልበቱ ዝንብ በበዛበት ቦታ ነው፤ ዝንቡ ሲሳሳ የቀሩትን ጥቂቶች ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ መፈለግ አይችልም። መካን ወንድ ተቃራኒው ነው። ዝንብ በበዛበት ይሰጥማል፤ በሳሳበት ግን የመጨረሻዋን ሴት ራሱ ፈልጎ ያገኛታል። በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 ከስምንት ሚሊዮን በላይ መካን ወንዶች ተለቅቀው ቆላ ዝንብ የጠፋው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። «እሱ ደሴት ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ግን በር የለውም» ለሚለው መልስ የለኝም፤ እውነት ነው። ጎረቤቱ ቀበሌ ያልጸዳ መሬት እንደገና ይወረራል፣ ጨርቁ ሳይሰቀል የሚለቀቅ መካን ወንድም ይባክናል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መሬቱ ሰፊ፣ ዝንቡ ውድ ከሆነ፣ ደካማ ዝንብ ለመላክ የምንችለው በምን አቅማችን ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቢሮ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቃል ሳይሆን በቅጽ ይቀርባል። ሪፖርት የሚወደው የተሠራ ነገር ነው። ስንት ጎጆ ተመገበ፣ ስንት ሙሽሬ ተሰበሰበ፣ ስንት ዝንብ ተላከ ይባላል። «በዚህ ወር 30 ቀን ሙሉ ምንም አልነካንም» ተብሎ የሚሞላ ሳጥን የለም። ስለዚህ ሥራ ፈትቶ ላለመታየት ትሪ ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይዛወራል። መተው ስንፍናን ይሸፍናል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ የረሳና ሆን ብሎ የተወ ሰው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው መዝገብ ነው። ሆን ብሎ የተወ ሰው የሙቀቱንና የእርጥበቱን ንባብ በየሰዓቱ አለው፣ ሙሽሬው የተወለደበትን ቀን ያውቃል፣ ሴቶቹ የሚወጡበትን ቀን አስቀድሞ ይናገራል፣ ትሪውን ሳይከፍት። አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ በማዕዱ ሰዓት የቸኮለ ሰው በእንቅልፉ ሰዓት ቢባዝን የፈታውን አይቋጥርም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለበሬ ነው። ቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለ በሽታ የያዘው በሬ ደሙ ይቀጥናል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ እየበላ ይከሳል፣ በመጨረሻ ቀንበር አይችልም። የደጋው መሬት ጠብቦ ሳለ ለም የሆነው ቆላ በሬ አጥቶ በእጅ የሚቆፈረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስለ ቃሊቲ ዝንቦች የሚጠይቅ ሁሉ፣ በጀት የሚፈቅደውም፣ ጉብኝት የሚመጣውም፣ የሚጽፈውም፣ «ስንት ለቀቃችሁ?» ከማለቱ በፊት «ሙሽሬው ስንት ይመዝናል?» ብሎ ይጠይቅ።