ኢያጎን ፍለጋ

መቼስ ብስክሌት ከነስሙ ከጣሊያን የመጣ ነገር ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ የምንላቸውም ቃላት የእነሱው ናቸው። አብሮት የሚሄደውን እብደት ግን አስመራዎች ወሰዱት እንጂ እኛ ሰፈር እምብዛም አልደረሰም። እናም ዕድሜውን በስነ ጽሑፍ መምህርነት የፈጀ ሰው ስለ ጣሊያናዊ ብስክሌተኛ ሊጽፍ ሲነሳ "ደግሞ ምን ነካው?" የሚል አይጠፋም። የነካኝ ሰው ማርኮ ፓንታኒ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ፓንታኒ በ1970 ተወለደ። ያደገው ቼዜናቲኮ በምትባል የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሲሆን እናቱም እዚያው ኪዮስክ ከፍተው ፒያዲና የሚባለውን ቂጣ ይሸጡ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ ወደ 57 ኪሎ ገደማ። ፀጉሩ ገና በወጣትነቱ የሸሸ፣ ጆሮው የሰፋ፣ ሲያዩት ምንም የማይመስል ሰው ነበር። መጀመሪያ በጆሮው ሳቢያ "ትንሹ ዝሆን" አሉት። ራሱን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ሎቲ ሲያንጠለጥል ደግሞ "የባሕር ወንበዴው" ሆነ። ሜዳ ላይ ተራ ጋላቢ ነው። ዳገት ሲመጣ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ጋዜጠኛው ጂያኒ ሙራ ዳገት ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥን ቢጠይቀው፣ ስቃዬን ለማሳጠር ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ይህን የመሰለ መልስ ለመጻፍ ስንት ደራሲ ስንት ወረቀት ቀዷል!

መከራውም አላነሰውም። በ1995 መኸር ከሚላኖ ቶሪኖ በሚደረገው ውድድር ላይ ከፊት ለፊት ከመጣ መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረ። ብዙዎች "አበቃለት" አሉ። በ1997 ተመልሶ ጂሮ ዲታሊያን ሲወዳደር ድመት መንገድ አቋርጣ አስጣለችውና ውድድሩን ተወ። በዚያው ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ የአልፕ ዱዌዝን ዳገት አሸነፈ። ይህ በተማሪ ልብ ወለድ ውስጥ ቢመጣልኝ "ድመቷን አውጣት፣ በዛች" ብዬ በቀይ እስክርቢቶ እጽፍበት ነበር። ሕይወት ግን አርታኢ የላትም።

ከዚያ 1998 መጣ። በሰኔ ጂሮን አሸነፈ። በሐምሌ ቱሩ ሲጀመር የፌስቲና ቡድን መኪና ከነመድኃኒቱ ተይዞ፣ ፖሊስ ሆቴል እየፈተሸ፣ ውድድሩ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በዚህ ትርምስ መሀል፣ ሐምሌ 27 ቀን፣ በብርድና በዝናብ፣ ጋሊቢዬ ላይ ፓንታኒ ብቻውን ተነጥሎ ሄደ። ቢጫውን ማሊያ የለበሰው ጀርመናዊው ያን ኡልሪሽ ሌ ዱ ዛልፕ የደረሰው ከእሱ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው። ፓንታኒ በአንድ ዓመት ጂሮንም ቱርንም ወሰደ። ይህን የደገመ ሰው እስከ 2024፣ እስከ ስሎቬኒያዊው ታዴ ፖጋቻር ድረስ አልተገኘም። ጣሊያን ያን ጊዜ የወደደችውን ያህል ማንንም አልወደደች ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ፍቅሩ ግን ዓመት አልሞላውም። ሰኔ 5 ቀን 1999፣ ጂሮው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፓንታኒ ከአምስት ደቂቃ በላይ እየመራ ሳለ፣ ማዶና ዲ ካምፒሊዮ በምትባል የተራራ ከተማ ጠዋት ደሙ ተመረመረ። የቀይ የደም ሴል ድርሻው 52 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የተፈቀደው እስከ 50 ነበር። ተባረረ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ብዙው ሰው የሚስተው ይህን ነውና። የ50 በመቶው ደንብ ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው "ለጋላቢዎች ጤና" በሚል ነው። ከ50 በላይ የሆነ ሰው "አጭበርብረሃል" አይባልም ነበር፤ "ለጤናህ ሁለት ሳምንት ዕረፍ" ይባል ነበር እንጂ። ደምን የሚያበዛውን ኢፒኦ የተባለ መድኃኒት በሽንት የሚለይ ምርመራ እስከ 2000 ድረስ ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ ደንቡ በግልጽ አማርኛ ሲነበብ "እስከ 50 ድረስ የምታደርጉትን አናይም" እንደማለት ነው። ሌብነትን የከለከለ ሳይሆን ለሌብነት ቁመት የለካ ደንብ! አገር ሁሉ ግን ያን ወረቀት እንደ ፍርድ አነበበው። የሁለት ሳምንት ዕረፍት የታዘዘለት ሰው ዕድሜ ልክ እንደተፈረደበት ሆነ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ሳስተምር በየዓመቱ የማይቀር ጥያቄ ነበረ። "ጋሼ፣ ኢያጎ ባይኖር ኦቴሎ ሚስቱን ይገድላት ነበር?" ክፍሉ ሁለት ይሆናል። አብዛኛው ተማሪ ኦቴሎን ስለሚወደው ኃጢአቱን ሁሉ ጠቅልሎ ለኢያጎ ያሸክማል። እኔም "ኢያጎ መሐረቡን ሊጥል ይችላል፤ አንገቷን ያነቁት እጆች የማን ናቸው?" እላቸው ነበር። አይዋጥላቸውም።

ጣሊያኖችም እንደ ተማሪዎቼ ናቸው። ከ1999 ወዲህ ኢያጎን ሲፈልጉ ኖረዋል። እንደ አንዱ ትረካ፣ ካሞራ የተባለው የኔፕልስ ማፊያ ሕገወጥ ቁማር አስይዞ ስለነበር ደሙን አስለወጠው። ሬናቶ ቫላንዛስካ የሚባል ስመ ጥር ወንበዴም፣ በፓንታኒ ላይ ቁማር እንዳስይዝ እስር ቤት ውስጥ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር ብሏል። ጉዳዩ በ2014 እንደገና ተከፍቶ፣ ክስ ሳይመሠረትበት ተዘጋ። እኔ ካሞራን ንጹሕ ነው ልል አልደፍርም፤ ማን ይደፍራል? ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚያ በ1995 አደጋ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገባ የተለካው መጠን ከ60 በመቶ በላይ ነበር። የማዶና ዲ ካምፒሊዮው ብልቃጥ ተቀይሯል ብንል እንኳ፣ የ1995ቱን ደም ማን ቀየረው? ስለዚያ ደም በ2000 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት፣ በይግባኝ ነጻ የወጣው ደም አልወፈረም ተብሎ ሳይሆን ድርጊቱ በጊዜው ወንጀል ተብሎ በሕግ ስላልተጻፈ ነው።

እንግዲህ "አጭበርባሪ ነው፣ በቃ" ለሚሉትም መልስ አለኝ። በ2013 የፈረንሳይ ሴኔት ባወጣው ሪፖርት የ1998ቱ ቱር የፓንታኒ ናሙና ኢፒኦ ተገኘበት። የሁለተኛው የኡልሪሽም እንዲሁ። ሦስተኛው አሜሪካዊው ቦቢ ጁሊክ ደግሞ ኢፒኦ መውሰዱን በ2012 በራሱ አንደበት ተናዟል። ታዲያ አሸናፊውን ስንሰርዝ ዋንጫውን ለማን ልንሰጥ ነው? "ሁሉም ያደርገው ነበር" ማለት ጥፋትን አያነጻም፤ አውቃለሁ። ግን ኡልሪሽ በሕይወት አለ፤ ጁሊክ ይቅርታ ጠይቆ ኑሮውን ቀጥሏል። ከጋሊቢዬው ዝናብ ያልተመለሰው አንዱ ብቻ ነው።

እሱ ከተባረረ በኋላ የሆነው በሙሉ መልካም አይደለም። በ2000 ቱር ሞን ቫንቱ ላይ ላንስ አርምስትሮንግ ቀድሞት መግባት እየቻለ እንደለቀቀለት ተናገረ። ፓንታኒ እንደ ስድብ ቆጠረው። ድል እንደ ምጽዋት ሲወረወርልህ! ከቀናት በኋላ ኩርሽቬል ላይ ብቻውን ቀድሞ ገባና መልሱን በእግሩ ሰጠ። ምጽዋት ሰጪው ራሱ በ2012 ሰባቱን ዋንጫዎች ተነጠቀ። ቀሪው ኮኬይን፣ ፍርድ ቤትና ብቸኝነት ነው። የካቲት 14 ቀን 2004 ሪሚኒ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ኮኬይን ነው የገደለው። ዕድሜው 34። ቀብሩ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ "በሺዎች" የሚለው ነው። ኢያጎ ፍለጋው የተጀመረው ከቀብሩ መልስ ነዋ! እናቱ ልጄን ገድለውብኛል ቢሉ እናት ናቸው፤ እሳቸውን ማን ሊከራከር? ሌላው ግን፣ ያ በ1998 ዳገት ዳር ስሙን እየጠራ አስፋልቱ ላይ በቀለም የጻፈ፣ በ1999 ደግሞ ጋዜጣ ገዝቶ ያፌዘ ሕዝብ፣ ካሞራ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ለራሱም ምቾት አለው። ሰውየውንም ያሳንሰዋል። ፓንታኒን ንጹሕ በግ ካደረግነው መርፌውን የመረጠው፣ ዳገቱንም የመረጠው ሰው ከታሪኩ ይወጣል። የቀረው ሐውልት ነው፤ ሐውልት ደግሞ ሞልቷል፤ ቼዜናቲኮ ራሷ አላት።

እኔ ደጋግሜ የማየው የጋሊቢዬን ፊልም አይደለም። ከማዶና ዲ ካምፒሊዮ ስድስት ቀን በፊት፣ ግንቦት 30 ቀን 1999፣ ኦሮፓ ወደሚባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ዳገት ሲጀመር ሰንሰለቱ ወለቀ። ወርዶ አስተካከለ። ሁሉም አልፎት ሄደ። ከዚያ አንድ በአንድ ይቀድማቸው ጀመር፤ 49 ሰው አለፈ ይላሉ። ደሙ ውስጥ ምን እንደነበረ እያወቅሁ አየዋለሁ፤ ዓይኔን ግን መንቀል አልቻልኩም። መጨረሻውን መስመር አንደኛ ሆኖ ሲያልፍ እጁን አላነሳም። ከፊቱ ገና ሰው ያለ መስሎት ነበር።