«ባለሙያ» ማን ናት?

አንዲትን ሴት «ባለሙያ ናት» ብለን ስናወድስ ወጧን፣ ጠላዋንና ፈትሏን ማለታችን ነው። ወንዱን «ባለሙያ ነው» ስንል ግን ወዲያው ደመወዙ ይታሰበናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ የበቃውን «ሜድ ኢን ዳገንሃም» የተሰኘ የእንግሊዝ ፊልም ስመለከት በአእምሮዬ የተመላለሰው ይኸው ጉዳይ ነበር።

በናይጄል ኮል የተዘጋጀው ይህ ፊልም ታሪኩን የቀዳው ከእውነተኛ አድማ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1968 በምሥራቅ ለንደን፣ ዳገንሃም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥምና የኩባንያው ምርት ተስተጓጎለ። በሦስተኛው ሳምንት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ሴቶቹን ጠርተው በሻይ ላይ አነጋገሯቸው፤ ስምምነት ተደረሰ። በ1970ም የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። ሳሊ ሆኪንስ የምትጫወታት ሪታ ኦግሬዲ በታሪክ የለችም፤ ከብዙዎቹ ተውጣጥታ የተፈጠረች ናት። ድርሰት ነውና በዚህ አልከስም።

እኔን ያላረካኝ ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ የተነሱት ስለ ሥራ ደረጃቸው ነበር። ኩባንያው ስፌቱን ዝቅተኛ ችሎታ ከሚጠይቁ ሥራዎች ጋር መደበው፤ በዚያ ላይ በዚያው ደረጃ ላለ ወንድ ከሚከፈለው 85 በመቶውን ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ስለዚህ ጥያቄያቸው «ስፌታችን ሙያ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነበር። ፊልሙም ይህን አላጣውም። ሪታ ከቦርሳዋ የቆዳ ቁርጥራጮች አውጥታ በአለቆቹ ፊት የምትዘረግፍበት ትዕይንት ከሁሉ የላቀ ነው፤ ቁርጥራጮቹን ገጣጥሞ ወንበር ማልበስ ምን ያህል ዕውቀት እንደሚጠይቅ ያለ ብዙ ቃል ያስረዳል። ግን ፊልሙ ይህን ክር ብዙም ሳይቆይ ይለቀውና ወደ እኩል ክፍያ ድል ይገሰግሳል።

እውነተኛው ታሪክ እንዲህ ቶሎ አላለቀም። ሴቶቹ ወደ ሥራ የተመለሱት በ92 በመቶ ክፍያ ነው፤ ደረጃቸው ግን አልተነካም። በ1975 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ሕግም በመጀመሪያ መልኩ የሚያነጻጽረው ተመሳሳይ ሥራን ወይም በምዘና እኩል የተባለን ሥራ ነበር፤ መዛኙ ዝቅ ያደረገው ሥራ እዚያው ዝቅ እንዳለ ይቀራል ማለት ነው። የዳገንሃም ሰፊዎች የጠየቁትን ደረጃ ያገኙት ዳግም አድማ መትተው በ1984፣ ከ16 ዓመታት በኋላ ነው።

ፊልሙ ይህን ቢይዝ ኖሮ ፍጻሜው እንዲህ አስደሳች ባልሆነ ነበር። የእኩል ክፍያ ጥያቄ በአንድ ፊርማ የተቋጨ ስለሚመስል ተመልካቹ «ተፈጸመ» ብሎ ረክቶ ይወጣል። የሙያ ጥያቄ ግን «አንተስ የማንን ሥራ ሙያ ትላለህ?» ብሎ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

እኛንም ይከተለናል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ የተሰለፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ባለሀብት ሲጋበዝ ግን በመስህብነት ሲጠቀስ የኖረው «ርካሽ ጉልበት» ነው። ቀጥ ያለ ስፌት የዓይንና የጣት ዕውቀት እንጂ ጉልበት ብቻ አይደለም።

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ተረታችን። የዳገንሃም ሴቶች ግን በልብ የተያዘ ሙያ በደመወዝ መዝገብ ላይ እንደማይሰፍር ስላወቁ አፍ አውጥተው ተናገሩ።