የማትታየዋ ወዛደር በፊልም ስትታይ

ለአዲስ አበባ ሰው ልደታ ሲባል ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የሚታወሰው ፍርድ ቤቱ ነው። በችሎት ፊት ፎቶግራፍ በማስረጃነት ሲቀርብ ከሳሽም ተከሳሽም አይተውት ይከራከሩበታል። መንግሥቱ ለማ «ጠያቂ» ብሎ ወደ አማርኛ ባመጣው የእንግሊዛዊው የጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት ውስጥ የሚመጣው መርማሪ ግን ይህን ሥርዐት አይከተልም። ፎቶግራፉን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ያሳያል፤ ሌላው ጠጋ ብሎ ለማየት ሲሞክር ይከለክለዋል። የተውኔቱ ምስጢር የተቋጠረው በዚህች ትንሽ ድርጊት ነው፤ ተውኔቱን ወደ ፊልም የሚያሸጋግር ከያኒም የሚፈተነው እዚሁ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 በመጀመሪያ በሶቭየት ኅብረት መድረክ የታየው ይህ ተውኔት የሚፈጸመው በ1912 በአንድ ባለፋብሪካ ቤት፣ በአንዲት ምሽት ነው። ኢቫ ስሚዝ የተባለች ወጣት የጀርም ማጥፊያ ጠጥታ መሞቷን መርማሪው ለቤተሰቡ ይነግራል። ባለፋብሪካው ቢርሊንግ ቀድሞ ያባረራት የሳምንት ደመወዝ ከ22 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 25 ሽልንግ ከፍ እንዲል ከጠየቁት ወዛደሮች ግንባር ቀደም ስለ ነበረች ነው። ሴት ልጁ ከሱቅ ሥራዋ አስወጥታታለች፤ የልጅቱ እጮኛ ጄራልድ ለጊዜው አኑሮ ትቷታል፤ ወንድ ልጁ አስረግዟታል፤ እናቲቱም ከበጎ አድራጎት ማኅበር ደጅ ባዶ እጇን መልሳታለች። ኢቫ ራሷ ግን መድረክ ላይ አትወጣም።

መርማሪው ከሄደ በኋላ ጄራልድ ጥያቄ ያነሣል፦ ለየብቻ የታየው ፎቶግራፍ የአንዲት ልጅ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ወላጆቹ ይህን ሲሰሙ ነፍሳቸው ትመለሳለች። ልጆቹ ግን በደሉ በዚህ አይፋቅም ይላሉ። ፎቶግራፉን ያላየው ተመልካች ከሁለት አንዱን ወገን መምረጥ ያለበት ያለ ማስረጃ ነው።

ጋይ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1954 ባዘጋጀው ፊልም አላስቴር ሲም መርማሪውን ሆኖ በሚያስደንቅ እርጋታ ተጫውቷል። ኢቫም በጄን ዌንሃም ተመስላ በየኑዛዜው ትታያለች። እዚህ ላይ ትርፉም ኪሳራውም አብሮ መጣ። ደመወዝ የጠየቀችው ሴት ፊትና ድምፅ አገኘች፤ ተመልካቹም ወደዳት። ነገር ግን ያንኑ ፊት ደጋግሞ ያየ ሰው የጄራልድን ጥርጣሬ እንዴት ሊጋራ ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2015 ቢቢሲ ለቴሌቪዥን ያቀረበውም ሥራ ኢቫን አሳይቷታል።

ፊቷን መደበቅ የቢርሊንግን ግፍ መድገም ነው የሚል ተቺ ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ መርማሪው ሲሰናበት የሚናገረው ገና በሕይወት ስላሉት ሚሊዮኖች ነው። አንዲት የምታሳዝን ቆንጆ ልጅ ስትታይ ሚሊዮኖቹ ይረሳሉ፤ ሐዘኑም የግል ሐዘን ሆኖ ይቀራል።

የመድረክን ተውኔት ከክፍሉ ማውጣት ግዴታ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። በዚያው በ1954 አልፍሬድ ሂችኮክ የፍሬድሪክ ኖትን «ዳያል ኤም ፎር መርደር» ሲቀርጽ ከአንድ መኖሪያ ቤት እምብዛም አልወጣም፤ በደረጃ ምንጣፍ ሥር የተደበቀች ቁልፍ ለካሜራው በቂው ሆነች። (መድረኩን ፊት ለፊት ተክሎ መቅረጽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ፊልም አይባልም።) በ«ጠያቂ» ውስጥ ደግሞ ያ የራት ክፍል ራሱ መደብ ነው፦ ውጭ ያለውን ሕይወት የማያዩ ሰዎች የተዘጉበት።

«ጠያቂ» በአማርኛ ፊልም ቢሆን ልደታ ምቹ ቦታው ነው። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም በተተከለበት በዚህ ሰፈር የፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ወረቀት ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ ደረጃ የሚወጡ፣ ታክሲ የሚሰለፉ አሉ። ካሜራው ከራት ጠረጴዛው በወጣ ቁጥር ኢቫን በሌላ ሴት፣ በሌላ ተዋናይት ፊት ያሳይ። ያን ጊዜ እርሷ ፊት ታገኛለች፤ ጥርጣሬውም አይሞትም። ከፎቶግራፉ የሚታየው ጀርባውና የያዘው ሰው ዐይን ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኾ አንዲት ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ መሞቷ ሲነገር፣ ካሜራው ከቤተሰቡ ጋር በክፍሉ ውስጥ መቅረት አለበት። የሟቿን ፊት ፍለጋ ወደ መንገድ መውጣት የለበትም።